ዞቴሮ ለተመራቂ ተማሪ፣ ከድሬ የተፃፈ ሪቪው

ሪሰርች ልትጀምሩ ከሆነ ቻፕተር ዋን ሳትነኩ ዞቴሮ የሚባለውን የሪፈረንስ መያዣ ሶፍትዌር ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑ። ቻፕተር ፎር ላይ የደረሳችሁም ብትሆኑ ጫኑት፣ ትንሽ ያለፋችኋል እንጂ አሁንም ያዋጣል። ነፃ ነው፣ ክራክ መፈለግ የለም፣ ሰላሳ ቀን ሞክረህ ክፈል የሚል ነገር የለም። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰርቶ የወጣ ሶፍትዌር ነው፣ አሁን የያዘው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ዊንዶውስ ላይም ማክ ላይም ሊነክስ ላይም ይሰራል፣ ለስልክም አፕ አለው። እኔ ድሬዳዋ ነው የማስተምረው፣ በየዓመቱ ተመራቂዎችን አማክራለሁ፣ አንዳንዴ ደሞ ሐረር ወጥቼ ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነር ሆኜ እቀመጣለሁ፣ እና ጎበዝ ጎበዝ ልጆች፣ ዳታ ለመሰብሰብ በዚህ ፀሐይ ከሳቢያን እስከ መጋላ ቤት ለቤት የዞሩ ልጆች፣ በሪፈረንስ ምክንያት አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ማየት በጣም ስለሚያመኝ ነው ይሄን የምፅፈው።

ለማያውቀው በአጭሩ ልንገረው። ዞቴሮ ያነበባችሁትን ነገር ሁሉ የምታስቀምጡበት ነው፣ አርቲክሉን፣ መፅሐፉን፣ የመንግስት ሪፖርቱን፣ ቴሲሱን፣ ከነደራሲው ከነዓመቱ ከነጆርናሉ ይይዝላችኋል። ክሮም ወይ ፋየርፎክስ ላይ ኮኔክተር የሚባለውን ትጨምራላችሁ፣ ከዛ አንድ አርቲክል ከፍታችሁ ምልክቷን ክሊክ ስታደርጉ መረጃው ወደ ላይብረሪያችሁ ይገባል፣ ፒዲኤፉ በነፃ የሚገኝ ከሆነ ባብዛኛው እሱም አብሮ ይወርዳል። ወርድ ውስጥ ደሞ ዞቴሮ የሚል ታብ ይመጣል፣ እየፃፋችሁ ምንጭ መጥቀስ ያለባችሁ ቦታ ስትደርሱ አድ ሳይቴሽን ብላችሁ የደራሲውን ስም መፃፍ ስትጀምሩ ራሱ ያመጣዋል፣ ኢንተር። መጨረሻ ላይ አድ ቢብሊዮግራፊ ስትሉ ሙሉ ሊስቱ ተደርድሮ ይወጣል። ውስጥ የጠቀሳችሁት ሊስቱ ላይ አለ፣ ያልጠቀሳችሁት የለም። ይቺ ብቻዋን ስንቱን ታድናለች መሰላችሁ፣ ምክንያቱም እኛ ዲፌንስ ላይ የምንቀመጥ ሰዎች ቶሎ ብለን የምናያት እሷን ነው፣ ገፅ 12 ላይ የተጠቀሰው ሰው ከኋላ አለ ወይ፣ ከኋላ ያለውስ ውስጥ የት ጋር ነው የተጠቀሰው።

ሐረር ላላችሁት ደሞ ይበልጥ ነው የሚጠቅማችሁ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ህክምና ሳይንስ ኮሌጅ እዛ ስለሆነ የጤና ተማሪ ብዙ ነው፣ ጤና ላይ ደሞ ቫንኩቨር ነው የሚበዛው፣ ማለትም ምንጩ በቁጥር ነው የሚጠቀሰው፣ መጀመሪያ የመጣው 1፣ ቀጥሎ የመጣው 2 እየተባለ። በእጁ የሚደረድር ሰው ላይ የሚደርሰውን አስቡት እስቲ፣ ስልሳ ምንጭ ደርድሮ ጨርሶ አድቫይዘሩ "ባክግራውንዱ ላይ አንድ ፓራግራፍ ጨምር" ይለዋል፣ እዛ ጋር አዲስ ምንጭ በ4 ቁጥር ሲገባ የድሮው 4 ወደ 5 ይሄዳል፣ 5 ወደ 6 ይሄዳል፣ እስከ መጨረሻው ሁሉም ይንሸራተታል፣ ያንን ሌሊት ተቀምጦ አንድ በአንድ ማስተካከል ነው፣ አንዷን ከዘለለ ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ የሌላ ሰው ይሆናል። ከዛ ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነሩ 23 ቁጥርን ሲፈልግ ስለ ወባ የተፃፈው አረፍተ ነገር ስለ ቅድመ ወሊድ ክትትል የተሰራ ጥናት ላይ ያርፋል። ልጁ አላጭበረበረም፣ ግን ወረቀቱ ላይ የሚታየው ሰው ያላለውን ብሏል ብሎ የፃፈ ሰው ነው። ዞቴሮ ላይ ፓራግራፉን ጨምራችሁ ምንጩን ስታስገቡ ቁጥሩ ሁሉ ራሱ ይስተካከላል፣ አለቀ። ዲፓርትመንቱ ሀሳቡን ቀይሮ ኤፒኤ (ምንጩ በደራሲ ስምና በዓመት የሚጠቀስበት ስታይል) ይሁን ካለም ዶክመንት ፕሪፈረንስ ገብታችሁ ስታይሉን መቀየር ብቻ ነው፣ ቴሲሱ በሙሉ ይቀየራል። ኤፒኤ ስትመርጡ ግን 7ኛው ኤዲሽን መሆኑን እዩ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ማለት ነው፣ በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዞረው ጋይድላይን አንዳንዱ ገና 6ኛው ላይ ነው ያለው። ልዩነቱ ደሞ ያስታውቃል፣ በ6ኛው ከሦስት እስከ አምስት ደራሲ ካለ መጀመሪያ ሲጠቀስ ሁሉም ስም ይዘረዘር ነበር፣ በ7ኛው ከሦስት ጀምሮ ገና ከመጀመሪያው የአንዱ ስም ተፅፎ ኤት አል (እና ሌሎች) ነው፣ የአሳታሚው ከተማም ቀርቷል።

እሺ፣ አሁን ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ልምጣ፣ ምክንያቱም ዞቴሮ የሰጣችሁትን ነው መልሶ የሚያወጣው፣ የተሳሳተ ካስገባችሁ የተሳሳተውን በሚያምር አደራደር ያወጣላችኋል።

ሪፈረንስ ሊስት ላይ "ኦርጋናይዜሽን፣ ደብልዩ. ኤች." የሚል በየዓመቱ አያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ነው እኮ! የድርጅቱ ስም በሰው ስም ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይወስደዋል፣ የቀረውን ያሳጥረዋል። የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የስነ ህዝብና ጤና ጥናትንም ያው፣ ኢዲኤችኤስ የምንለውን፣ ባለቤቱ ሴንትራል ስታቲስቲካል ኤጀንሲ ሆኖ ሳለ "ኤጀንሲ፣ ሲ. ኤስ." ብለው ያመጡታል። ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም አጠገብ ሁለቱን ሳጥን አንድ የምታደርግ ትንሽ ምልክት አለች፣ እሷን ነክታችሁ ሙሉ ስሙን አንድ ላይ መፃፍ ነው። አስር ሰከንድ አይፈጅም፣ ግን ይሄን ያላስተካከለ ተማሪ ሰነዱን ከፍቶ እንዳላየው ነው የሚቆጠርበት።

ቀጥሎ የኛ ስም። ይሄ በጣም ነው የሚያስጨንቀኝ። የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፣ የራሱ ስምና የአባቱ ስም ነው ያለው። የታሪክ ተመራማሪውን ባህሩ ዘውዴን ብንወስድ፣ በኛ ደንብ ባህሩ ነው የሚባለው፣ ኢትዮጵያ ላይ የሚሰሩ ብዙ የታሪክ ፅሁፎችም ባህሩ ዘውዴ ብለው በ"ባ" ቦታ ነው የሚያስቀምጡት። ሶፍትዌሩ ግን ስታመጡት "ዘውዴ፣ ባ." ያደርገዋል፣ በሥራው አባትየውን ጠቀሳችሁ ማለት ነው። የታሪክ፣ የቋንቋ፣ የሕግ ተማሪ ከሆናችሁ ያችኑ አንድ ሳጥን የምታደርገውን ምልክት ተጠቅማችሁ ሙሉ ስሙን እንደሚጠራው ፃፉት። የጤና ወይ የእርሻ ተማሪ ከሆናችሁ ግን ወዲያው አትቸኩሉ፣ ብዙ የኛ ተመራማሪዎች ውጭ ጆርናል ላይ ሲያወጡ በአባታቸው ስም ነው ራሳቸው የሚመዘገቡት፣ እዛ ላይ ጆርናሉ እንዳወጣው መተው ነው ምክንያቱም የሚፈልገው ሰው በዛ ነው የሚያገኘው። አድቫይዘራችሁን አንዴ ጠይቁና አንዱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻ ሂዱ፣ ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ ሲሆን ነው አንድ ሰው ሊስቱ ላይ ሁለት ቦታ የሚገኘው።

ዓመትም አለ። ዞቴሮ የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም፣ የፃፋችሁለትን ቁጥር ይወስዳል። 2010 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መፅሐፍ ወይ የድሬዳዋ አስተዳደር ሪፖርት ዝም ብላችሁ 2010 ካላችሁት አንባቢው እንደ ፈረንጁ ነው የሚያነበው፣ እሱ ደሞ 2017 ወይ 2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ የቅርብ ምንጫችሁ ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ቴሲስ ላይ ከሆነ ወደ እ.ኤ.አ. ቀይሩት፣ ወሩ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ባለው ውስጥ ይሁን ከዛ በኋላ ለይታችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ስለ ፕላጃሪዝም፣ ማለትም የሰውን ፅሁፍ ወይ ሀሳብ የራስ አስመስሎ ስለማቅረብ። አብዛኛው የማየው ተማሪ ሊሰርቅ ብሎ አይደለም የሚሰርቀው። የሚሆነው እንዲህ ነው፣ ጥቅምት ላይ አርቲክል ያነባል፣ ጥሩ ነገር ሲያገኝ ኮፒ አድርጎ "ኖት" የሚል ወርድ ፋይል ላይ ይለጥፋል፣ ከማን እንደወሰደ አይፅፍም ምክንያቱም ዛሬ ያስታውሰዋል፣ ከሥሩ የራሱን ሀሳብ ይፅፋል፣ ከዛ ሌላ አርቲክል ይለጥፋል። ግንቦት ላይ ያንን ፋይል ሲከፍት የቱ የራሱ የቱ የሰው እንደሆነ አያውቅም። ሁሉንም ሊትሬቸር ሪቪው ውስጥ ይጨምረዋል። እና ዲፌንስ ላይ "ይሄ ያንተ ሀሳብ ነው?" ስንለው አዎ ይላል፣ ከልቡ ነው የሚለው።

ለዚህ ነው ዞቴሮ ውስጥ እጅግ የምወዳት ነገር ብዙ ሰው የማይነካት የሆነችው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ራሱ ውስጥ አለው። አርቲክሉን እዛው ከፍታችሁ የወደዳችሁትን ታቀልማላችሁ፣ ከጎኑ የራሳችሁን አስተያየት ትፅፋላችሁ፣ ስትጨርሱ ከዛ ላይ ኖት ፍጠር ስትሉት ያቀለማችሁት ሁሉ በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ ሆኖ ከነደራሲው ከነገፁ ቁጥር ተዘርዝሮ ይወጣል፣ የናንተ አስተያየት ደሞ ከጥቅሱ ውጪ ለብቻው። የሰውየው የሰውየው ነው፣ የናንተ የናንተ ነው። ከወር በኋላ ጥቅሷን ስትነኳት ፒዲኤፉ ውስጥ ያቺው ገፅ ላይ ትወስዳችኋለች። እኔ ለተማሪዎቼ ቀለም እንዲለዩ እነግራቸዋለሁ፣ ቢጫ ቃል በቃል ልጠቅሰው የምችለው፣ አረንጓዴ ቁጥርና ውጤት፣ ቀይ የማልስማማበት። ቀይ ያላት ልጅ ሊትሬቸር ሪቪው ላይ የምትለው ነገር አላት ማለት ነው፣ ከንባቡ ጋር ተከራክራለች።

ፓራፍሬዝ፣ የሰውን ሀሳብ በራስ ቃል መፃፍ፣ ግን ሶፍትዌር አይሰራላችሁም፣ ይሄን በግልፅ ልናገር። ለምሳሌ ብዬ አንድ አረፍተ ነገር ከራሴ ልፍጠር፣ እገሌ የሚባል ሰው 2015 ላይ "በድሬዳዋ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ነዋሪዎች በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማሉ፣ ይህም ለትንኝ መራባት ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል" ብሎ ፃፈ እንበል። ተማሪው "በድሬዳዋ ከተማ ውሃ በተራ ስለሚለቀቅ ህዝቡ በጀሪካንና በበርሜል ያስቀምጣል፣ ይሄም ትንኝ እንዲራባ አመቺ ሁኔታን ያመጣል" ብሎ ይፅፍና ሳይት አድርጌያለሁ ይላል። አላደረክም ወንድሜ፣ የአረፍተ ነገሩ አካሄድ እንዳለ የእገሌ ነው፣ ቃላቱን ብቻ ነው የቀያየርከው፣ ሳይት ብታደርገውም ፕላጃሪዝም ነው። አርቲክሉን ዝጉት፣ ለጓደኛችሁ በአፋችሁ አስረዱት፣ ያላችሁትን ፃፉት። "እገሌ (2015) እንደሚለው ድሬ ላይ ለትንኝ መራባት አንዱ ምክንያት የውሃው ፈረቃ ነው፣ ሰው በርሜል የሚሞላው ቧንቧው ሁሌ ስለማይመጣ ነው፣ ይሄ ጥናት ያንን በቀበሌያችን ደረጃ ይፈትሻል።" አሁን እገሌም ቦታውን አግኝቷል፣ የናንተም ሥራ ተለይቷል። ከዛ ተመልሳችሁ ከፒዲኤፉ ጋር አስተያዩት፣ ያላለውን እንዳታስብሉት።

ሌላ ዞቴሮ የማያድናችሁ ነገር ያላነበባችሁትን መጥቀስ ነው። ድሬ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. ስለተነሳው የደንጌ ትኩሳት ወይ በ2019 እ.ኤ.አ. ስለነበረው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ የሚፅፍ ተማሪ ቁጥሩን ካለፈው ዓመት ተመራቂ ቴሲስ ላይ ይወስዳል፣ ያኛውም ከሌላ ተመራቂ ወስዷል፣ ዋናውን ሪፖርት ያየው የለም። ሳምፕል ሳይዝ ላይማ አይነሳ፣ ለቀመሩ "ያማኔ 1967" ያላለ ቴሲስ የት አለ፣ መፅሐፉን ያየ ተማሪ ግን እኔ አላጋጠመኝም። ዋናውን ማግኘት ካልቻላችሁ ያገኛችሁበትን ነው የምትጠቅሱት፣ "እገሌ እንደጠቀሰው" ብላችሁ፣ ሊስቱ ላይ የሚገባውም እጃችሁ ላይ ያለው ነው። ይሄ ነውር የለውም፣ ነውሩ ያላዩትን አየሁ ማለት ነው። የሐረርን ታሪክ የምትሰሩ ደሞ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ገብቶ ያየውን ከሦስተኛ ሰው ከምትወስዱ ራሱን ፈልጉት፣ የቆየ ስለሆነ ኦንላይን በነፃ ይገኛል።

ስለ ፅሁፍ ቤቶቹ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ካምፓስ አካባቢ "ሪፈረንስ እናስተካክላለን፣ ፕላጃሪዝም እንቀንሳለን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። ስም አልጠራም፣ ኮፒና ጥራዝ ላይ ጎበዝ ናቸው፣ እንጀራቸው ነው፣ ለሱ ሂዱ። ግን አንዷ ተማሪዬ መጥታ "ቲቸር፣ ሪፈረንሱን እኮ አሰርቼዋለሁ፣ ጨርሻለሁ" አለችኝ። "አንቺ ያነበብሽውን እሱ እንዴት አውቆ ደረደረልሽ?" ስላት ዝም አለች። ስንከፍተው ሊስቱ ያምራል፣ ግን ግማሹ እሷ የማታውቀው አርቲክል ነው፣ የፅሁፍ ቤቱ ልጅ ከሌላ ሰው ቴሲስ ገልብጦ ሞልቶላት ነው። "ቲቸር አሁን ምን ላርግ?" አለችኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ቁጭ ብለን የእውነት ያነበበቻቸውን ፒዲኤፎች ከፍላሿ ላይ አንድ በአንድ ዞቴሮ ውስጥ ጎትተን አስገባን፣ ዞቴሮ ፒዲኤፉን አይቶ ደራሲውንና ዓመቱን ራሱ ይፈልጋል፣ ያልተሳካውን በእጅ ሞላነው። ሊስቷ አጠረ፣ ግን በሙሉ የሷ ነው፣ ዲፌንስ ላይ ስለ እያንዳንዱ ስትጠየቅ መለሰች። በዚህ የምትኮራ ይመስለኛል፣ እኔ ኮርቻለሁ።

"ፕላጃሪዝም መቀነስ" የሚባለው ደሞ ባብዛኛው ቃላትን በሌላ ቃል የሚለውጥ ሶፍትዌር ውስጥ ማስገባት ነው። ዓለም ላይ የታወቀ ምሳሌ አለው፣ ብሬስት ካንሰር የሚለው "ቦዘም ፔሪል" (የደረት አደጋ እንደማለት) ሆኖ ጆርናል ላይ የወጣበት። አንድ የህክምና ኤግዛሚነር ይሄን ሲያይ ምን እንደሚል አስቡት።

እና ስለ ቱርንኢትን፣ ዩኒቨርሲቲዎች የፅሁፍ መመሳሰል ስለሚያዩበት ሶፍትዌር፣ ሁሉም "ስንት ፐርሰንት ወጣ?" ነው የሚለው። ፐርሰንቱ እንደ ቴርሞሜትር ነው፣ ትኩሳት መኖሩን ይነግራል እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይነግርም። ሲሚላሪቲ ነው የሚለካው፣ ከሌላ ቦታ ጋር የሚመሳሰለውን ፅሁፍ። በአግባቡ የጠቀሳችሁት ጥቅስና ሪፈረንስ ሊስቱ ካልተቀነሰ እሱም ይቆጠራል፣ በሌላ በኩል ደሞ 8 ፐርሰንት የወጣ ፅሁፍ ውስጥ ሙሉ የተሰረቀ ዲስከሽን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን የቀለመውን ቦታ አንብቡ። ቱርንኢትን ለተቋም እንጂ ለግለሰብ ተማሪ አይሸጥም፣ ቴሌግራም ላይ "ቼክ እናደርጋለን" የሚሉት የሆነ ተቋም አካውንት ነው የሚጠቀሙት፣ እዛ ስትልኩ ፅሁፋችሁ ዳታቤዙ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ዩኒቨርሲቲያችሁ ሲያስገባው ከራሳችሁ ፅሁፍ ጋር ተመሳሳይ ነው ብሎ ሊያወጣው ይችላል። ዓመት የለፋችሁበትን ነገር ለማታውቁት ሰው አትላኩ፣ በላ። ዲፓርትመንታችሁን ወይ ላይብረሪውን ጠይቁ።

ዞቴሮ የሚያጋልጠው ሌላ ነገር አለ፣ ቻትቦት የፈጠረው ሪፈረንስ። ቻትጂፒቲ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከመጣ ወዲህ በዓለም ላይ የሌለ አርቲክል ከነጆርናሉ ከነገፁ ተፅፎ ይመጣል፣ ደራሲው የእውነት ሰው ነው፣ ጆርናሉም አለ፣ አርቲክሉ ግን የለም። ዞቴሮ ላይ የአስማት ዱላ የምትመስል ምልክት አለች፣ እዛ ላይ የአርቲክሉን መለያ ቁጥር ዲኦአይ ወይ የመፅሐፉን መለያ ቁጥር አይኤስቢኤን ስትፅፉ መረጃውን ያመጣል። የሌለ ከሆነ አላገኘሁም ይላል፣ ወይ ደሞ ጭራሽ የማይገናኝ ሌላ አርቲክል ያመጣል። እኔ አሁን ረቂቅ ሲመጣልኝ የተጠራጠርኩትን ዲኦአይ እዛ አስገባና አያለሁ፣ እናንተም ለራሳችሁ ቀድማችሁ አድርጉት። ሌላው፣ ጆርናሉ በስህተት ወይ በማጭበርበር ምክንያት የሰረዘው አርቲክል ላይብረሪያችሁ ውስጥ ካለ ዞቴሮ በቀይ ያስጠነቅቃችኋል፣ ያ አርቲክል ላይ ተመስርታችሁ እንዳትፅፉ። ይሄን በነፃ የሚሰራ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ድክመቱስ? አለው። የፎቶ ስካን የሆነ ፒዲኤፍ፣ በተለይ የቆዩ የአማርኛ መፅሐፎች፣ ማንነቱን አያውቅም፣ ሁሉንም በእጅ መሙላት ነው። ግዕዝ ፊደል ይቀበላል፣ ችግር የለውም፣ ግን ሊስቱ ላይ ከእንግሊዝኛው በኋላ ነው የሚደረድረው። ከጉግል ስኮላር የሚመጣው መረጃ ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው፣ የጆርናሉን ገፅ ከፍቶ ከዛ ማምጣት ወይ ፐብሜድ (የጤና ጥናቶች መፈለጊያው) ይሻላል። ርዕሱ ሁሉ በካፒታል የሚመጣ አለ፣ ርዕሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሴንተንስ ኬዝ በሉት። ሳይቴሽን የሚያስገባው ፕለጊን በይፋ የሚሰራው ከወርድ፣ ከሊብረኦፊስና ከጉግል ዶክስ ጋር ነው፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ደብልዩፒኤስ ብቻ ካለ በዛ አትቁጠሩ። ስትልኩ ደሞ ሶፍት ኮፒውን በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ሴቭ ያደረገ ሰው ሳይቴሽኑን ወደ ተራ ፅሁፍ ሊለውጥባችሁ ስለሚችል ኦሪጅናሉን እጃችሁ ላይ አስቀሩ።

ኢንተርኔት ይጠይቃል ወይ ለምትሉ፣ መረጃ ለማምጣት አዎ፣ ለማንበብና ለመፃፍ ግን አይጠይቅም፣ ሁሉም ነገር ራሱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው ያለው፣ ዳታ ቢያልቅም ላፕቶፑ ቻርጅ እስካለው ድረስ ትሰራላችሁ። ኦንላይን የሚያስቀምጥላችሁ ነፃ ቦታ 300 ሜጋባይት ነው፣ ፒዲኤፍ የያዘ ሰው ቶሎ ይሞላበታል፣ ከዛ በላይ በውጭ ካርድ መክፈል ነው፣ እሱ ደሞ ለኛ ተማሪ አስቸጋሪ ነው። መፍትሄው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የፋይል ሲንኩን (ፒዲኤፎቹን ኦንላይን የሚልከውን) ማጥፋት ነው፣ የመረጃው ሲንክ ገደብ ስለሌለው ዝርዝሩ ኦንላይን ይቀመጣል፣ የዞቴሮን ፎልደር ደሞ በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ገልብጡት፣ ፍላሿም ፅሁፍ ቤት ኮምፒውተር ላይ የምትሰኳት ያቺው እንዳትሆን፣ ቫይረስ አለ።

ሜንዴሌይ የሚባል ተመሳሳይ ሶፍትዌርም አለ፣ መጥፎ አይደለም፣ ነፃ ቦታው 2 ጊጋባይት ነው፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጆርናል አሳታሚው ኩባንያ የኤልሰቪየር ነው። የለመዳችሁት ከሆነ ቀጥሉበት። አዲስ ለሚጀምር ግን ዞቴሮን ነው የምለው፣ ለስም አያያዙም፣ ኩባንያ ሀሳቡን ቢቀይር ሥራችሁ እንዳይያዝባችሁም።

ለግሩፕ ሲኒየር ኢሴይ ደሞ ግሩፕ ላይብረሪ ክፈቱ፣ አራትም አምስትም ሆናችሁ አንድ ላይብረሪ ውስጥ ትሰራላችሁ፣ ማን ምን እንዳነበበ ይታያል፣ አንዱ ሁሉንም ተሸክሞ ሌላው ስሙን ብቻ የሚያስገባበት ነገርም ይቀንሳል። አንድ አይነት አርቲክል ሁለት ጊዜ ከገባ ዱፕሊኬት የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አዋህዱት፣ ይሄን ሳታደርጉ ወርድ ላይ ከጀመራችሁ አንዱ ምንጭ ሊስቱ ላይ ሁለቴ ይወጣል። ጫኑት፣ ዛሬ ያነበባችኋትን አንድ አርቲክል አስገቡ፣ አቅልሟት፣ አድቫይዘራችሁ ጋር ስትሄዱ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና ኖቱን አሳዩት። የጨነቃችሁ ካላችሁ ከሥር ፃፉልኝ፣ በተለይ በአማርኛ ምንጭ አያያዝ ላይ የቻልኩትን እመልሳለሁ።